ክረምት ላይ ፕላስቲክ በኢንፍራሬድ ማይክሮስኮፕ ለምታዩ

ጅማ ላይ ክረምት ሲገባ የላብራቶሪው አየር እርጥበት ስፔክትረሙን (ናሙናው በየሞገዱ የዋጠውን ብርሃን የሚያሳየውን ግራፍ) ያበላሻል። የውኃ ትነት ከ1400 እስከ 1900 ባለው የሞገድ ቁጥር (በአንድ ሴንቲሜትር ውስጥ ያሉ ሞገዶች ብዛት) ላይ እንደ መርፌ የሾሉ መስመሮችን ይደረድራል፤ ፀሐይ የመታው ፖሊኢትሊን ማርጀቱን የሚያሳብቀው የ1715 አካባቢ የካርቦኒል (ካርቦንና ኦክስጅን በድርብ የተሳሰሩበት ክፍል) ጫፍ ደግሞ እዚያው መሃል ነው። ስለዚህ ጠዋት ባነሳችሁት ባክግራውንድ (ያለ ናሙና የሚለካ መነሻ) ቀኑን ሙሉ አትሥሩ፤ ከየናሙናው በፊት አዲስ አንሱ። ይሰለቻል፣ ግን ይረዳል።

የምታዩት የቡና ጆንያ ውስጥ የሚገባውን ባለብዙ ንብርብር ፕላስቲክ ከሆነ በአዲስ ምላጭ በስሱ ቁረጡና የተቆረጠውን ጎን እዩ። ኢፖክሲ (ሲደርቅ የሚጠነክር ሙጫ) ውስጥ መቅበር ለመቁረጥ ያመቻል፤ ሆኖም 1510 አካባቢ የራሱን ጫፍ ይዞ ይመጣል። ብርሃን አሳልፋችሁ ስትለኩ ደግሞ ከ10 ማይክሮሜትር የሳሳ ንብርብር ላይ የጎረቤቱም ምልክት ይቀላቀላል።