ከኤሲኤል (የፊተኛው የጉልበት መስቀለኛ ጅማት) ቀዶ ጥገና በኋላ የስፖርተኛን የጭን ጡንቻ ሲለኩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሜትር ብቻ መለካት። ከጉልበት ሎሚ ጫፍ 15 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ምልክት አድርጎ የጭንን ዙሪያ መለካት ርካሽ ነው፣ ለክትትልም አይከፋም። ሜትር ግን የፊቱን ጡንቻ ከኋላው፣ ሥጋውን ከስብ አይለይም። ጉልበት ሲያብጥ ደግሞ ነርቩ ጡንቻውን በሙሉ አቅም አያዝዘውም፤ ጭኑ ሞልቶ ኃይሉ ሊጎድል ይችላል። ውሃ የቋጠረ ጉልበት ላይ የኃይል ፈተናውን ያቆዩት።

ዳይናሞሜትሩን (የጡንቻ ግፊት መለኪያ መሣሪያውን) በእጅ ደግፎ መያዝ። በብዛት የምናየው ጥፋት ይህ ነው። የኳስ ተጫዋች ጭን ከባለሙያው ክንድ ስለሚበረታ የሚመዘገበው የባለሙያው አቅም ይሆናል። መሣሪያውን በማይለጠጥ ቀበቶ ከአልጋው እግር ጋር እሰሩት፤ ጉልበቱ 90 ዲግሪ ይታጠፍ፣ ዳሌው ከመቀመጫው አይነሳ። አሟሙቆ ሦስት ጊዜ፣ በየመሃሉ 1 ደቂቃ አርፎ፣ ለ5 ሰከንድ ያህል ይግፋ። ከጉልበት መገጣጠሚያው እስከ መሣሪያው ያለውን ርቀትም ጻፉ። በ35 ሴንቲ ሜትር ላይ 500 ኒውተን ግፊት ማለት 175 ኒውተን ሜትር የማዞር ኃይል ነው። መሣሪያው 3 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ቢታሰር ያው ጡንቻ 460 ኒውተን ገደማ ያስነብባል፤ ልጁም ያለ ጥፋቱ «ደከመ» ይባላል።

ጤነኛውን እግር ያለ ጥያቄ መለኪያ ማድረግ። የተለመደው ግብ ከጤነኛው 90 በመቶ መድረስ ነው። ነገር ግን ስፖርተኛው ሜዳ ሳይረግጥ በቆየባቸው ወራት ጤነኛውም ይሰንፋል። 220 ኒውተን ሜትር የነበረው ወደ 190 ወርዶ ከሆነ የታከመው እግር 175 ሲደርስ 92 በመቶ ይወጣል፤ በቀድሞው አቅም ሲሰላ ግን 80 እንኳ በቅጡ አይሞላም። ስለዚህ ከቀዶ ጥገናው በፊት ጤነኛውን ለክታችሁ አስቀምጡ። ያ ካለፈ በክብደት አካፍሉ፦ 70 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 175 ማለት በኪሎ 2.5 ነው፣ ብዙዎች የሚፈልጉት ደግሞ ወደ 3 የተጠጋ ነው።

ሌግ ፕሬስ (ክብደትን በእግር የመግፋት ማሽን) ወይም በአንድ እግር ዝላይ ይበቃል ማለት። ሁለቱም ላይ ዳሌና ባት ይደርሱለታል። ዝላዩ ተስተካክሎ የፊት ጭኑ ገና የሆነ ስፖርተኛ ብዙ ነው።

በቀዶ ጥገናው የተተከለው ጅማት ከየት እንደተወሰደ መርሳት። ከቋንጃ ከተወሰደ የኋላ ጭኑም ለብቻው ይለካ። ከሎሚው ሥር ከተወሰደ ሕመም ቁጥሩን ሊያወርደው ስለሚችል፣ ሕመሙ ከ10 ስንት እንደሆነ ጠይቃችሁ ከውጤቱ ጎን መዝግቡ።