ከድሬ ዳዋ ሆኖ ጀርመን ውስጥ የጋራ መኖሪያ ቤት እንዴት ይፈለጋል?

በድሬ ዳዋ ሳቢያን ወይም ገንደ ቆሬ ሰፈር ክፍል የሚፈልግ ሰው ጠዋት ከደላላ ጋር ወጥቶ፣ ሁለት ሦስት ግቢ አይቶ፣ በቅድሚያ ክፍያው ከአከራዩ ጋር ከተስማማ በዚያው ቀን ፍራሹን ሊያስገባ ይችላል። ለትምህርት ወደ ጀርመን የሚሄድ ተማሪ ግን ክፍል የሚያገኘው በሌላ መንገድ ነው። እዚያ ብዙ ተማሪዎች የሚኖሩት «ቬጌ» በሚባል የጋራ ቤት ነው፤ እያንዳንዱ የራሱን ክፍል ይይዛል፣ ወጥ ቤቱንና መታጠቢያ ቤቱን ይጋራል። አዲስ ገቢውን የሚመርጡት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቀድመው የገቡት ነዋሪዎች ናቸው። ስለዚህ ቤት የሚፈልገው ተማሪ ራሱም ተፈላጊ ሆኖ መገኘት አለበት።

የዩኒቨርሲቲው የቅበላ ደብዳቤ እንደደረሰዎት በመጀመሪያ «ሽቱዲረንደንቬርክ» በሚባለው የተማሪዎች አገልግሎት ተቋም ለተማሪ መኖሪያ ይመዝገቡ። በትልልቅ ከተሞች ወረፋው ረጅም ስለሆነ በእርሱ ብቻ አይታመኑ፤ ጎን ለጎን «ቬጌ-ጌዙክት» (WG-Gesucht) በተባለው ድረ ገጽ ላይ ፍለጋውን ይጀምሩ። የክረምቱ ሴሚስተር ትምህርት በኦክቶበር ስለሚጀምር በመስከረም ሁሉም ተማሪ ቤት ፈላጊ ይሆናል፤ ከሐምሌ ጀምሮ የጻፈ ሰው ግን ሰፋ ያለ ምርጫ ያገኛል። የቪዛው ቀን ገና ካልታወቀ «ጽቪሸንሚተ» የሚባለውን፣ ነዋሪው ለጥቂት ወራት ሲሄድ የሚያከራየውን ክፍል መያዝ ከሁሉ የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ቋሚውን ቤት በቦታው ተገኝተው በዓይንዎ አይተው ለመምረጥ ጊዜ ይሰጥዎታልና።

ቀጥሎ ሒሳቡን በጥንቃቄ ይሥሩ። ማስታወቂያው ላይ «ካልትሚተ» ካለ የክፍሉ ኪራይ ብቻ ነው፤ «ቫርምሚተ» ካለ ማሞቂያና መሰል ወጪዎች ተጨምረውበታል። ከድሬ ሙቀት ለሚነሣ ሰው የማሞቂያ ወጪ በሐሳቡም አይመጣም፤ በጃንዋሪ ግን ከወሳኞቹ ወጪዎች አንዱ እርሱ ነው። ስለዚህ ኤሌክትሪክና ኢንተርኔት ተካተው እንደሆነ ጭምር ለይተው ይጠይቁ። ብዙዎች የሚቸገሩት ግን ለአከራዩ በዋስትና በሚሰጠው ማስያዣ ነው። ለቪዛ ተብሎ በዝግ ሒሳብ የሚቀመጠው ገንዘብ በ2025 እ.ኤ.አ. ለአንድ ዓመት 11,904 ዩሮ ሲሆን፣ ከእርሱ በየወሩ የሚለቀቀው 992 ዩሮ ብቻ ነበር። ማስያዣው በሕግ እስከ 3 ወር ካልትሚተ ሊደርስ ስለሚችል፣ ክፍሉ 400 ዩሮ ቢሆን 1,200 ዩሮ ሊጠየቁ ይችላሉ፤ ይህ ከመጀመሪያው ወር ኪራይ ጋር ተደምሮ ከዝግ ሒሳቡ በአንድ ወር በሚለቀቀው ገንዘብ አይሸፈንም። የጀርመን ሕግ ማስያዣውን በ3 እኩል ወርኃዊ ክፍያ የመክፈል መብት ለተከራይ ይሰጣል፤ ውሉን ከመፈረምዎ በፊት ይህን መብት በትሕትና ያንሡት።

የማመልከቻ መልእክትዎን ለሁሉም አንድ ዓይነት አድርገው አይላኩ። ማስታወቂያው «ዓርብ ዓርብ አብረን እናበስላለን» ካለ፣ የእርስዎ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ስለዚያ ዓርብ ይሁን፤ ምን ማብሰል እንደሚችሉም ይጨምሩበት። የሚማሩትን የትምህርት ዓይነት፣ የሚገቡበትንና የሚቆዩበትን ጊዜ፣ ስለ ንጽሕናና ስለ ጸጥታ ያለዎትን ልማድ በአጭሩ ይግለጹ። የሚጾሙ ወይም የአሳማ ሥጋ የማይበሉ ከሆነ ድስት ለብቻ ስለመያዝ ከወዲሁ መናገር በኋላ ከሚፈጠር ቅሬታ ያድናል። ችግርን በመዘርዘር ለማሳዘን መሞከርን አልመክርም፤ እነርሱ የሚፈልጉት ወጥ ቤታቸውን በሰላም የሚጋራ ሰው ነውና።

መልስ ሲመጣ በቪዲዮ ለመተያየት ቀጠሮ ይያዛል፤ እዚህ ላይ የሰዓት አቆጣጠሩ ያሳስታል። እነርሱ በሞቃቱ ወቅታቸው 18:00 ሲሉ በእኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው፤ ከኦክቶበር መጨረሻ በኋላ ደግሞ ከምሽቱ 2 ሰዓት ይሆናል። ከዚራ ሰፈር የሚኖር አንድ ዘመዴ 18:00ን 12 ሰዓት ብሎ አስልቶ ለብቻው ሲጠብቅ ቆየና፣ ሰዎቹ በትክክለኛው ሰዓት ሲደውሉ ስልኩን አጥፍቶ ወጥቶ ነበር። ክፍሉ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ቀጠሮውን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፈው ያስቀምጡ፤ መብራት ቢጠፋም ስልክዎ እንዳይዘጋ አስቀድመው ቻርጅ ያድርጉ።

በቪዲዮው ላይ ከመንገዱ በር ጀምረው እስከ ክፍሉ መስኮት ድረስ ሳያቋርጡ እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ። አከራዩ «እኔ ሌላ አገር ነኝ፤ ማስያዣውን ከላክህ ቁልፉን በፖስታ እልካለሁ» ካለ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ንግግሩን ያቋርጡ፤ ይህ የታወቀ ማጭበርበሪያ ነው። የፓስፖርት ቅጂም ላላዩት ሰው አይላኩ። በከተማው የሚያውቁት ሰው ካለ ሄዶ በሩን እንዲያንኳኳ ይለምኑት፤ ቤቱን አንድ የሚታመን ሰው ሳያየው አንድ ዩሮ እንኳ መውጣት የለበትም።

ከመስማማትዎ በፊት አንድ ጥያቄ የግድ ይጠይቁ፤ በዚያ አድራሻ መመዝገብ ይቻላል ወይ? ወደ ቤቱ ከገቡ በ2 ሳምንት ውስጥ በከተማው አስተዳደር መመዝገብ ግዴታ ሲሆን፣ ለዚህም የአከራዩ የጽሑፍ ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ያለ ምዝገባው የመኖሪያ ፈቃዱ ጉዳይ ይጓተታል፤ «ምዝገባ አይቻልም» የሚለውን ቤት ይተዉት። የሚያከራይዎት ራሱ ተከራይ ከሆነም የባለቤቱን ፈቃድ ማግኘቱን ያረጋግጡ። ቡናን በተመለከተ፣ ከሰል ቤት ውስጥ ማንደድ ከእርሱ በሚወጣው መርዛማ ጋዝ ምክንያት ለሕይወት አደገኛ ነው፤ ጣሪያው ላይም የጭስ ጠቋሚ አለ። ቡናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ ያፍሉ፤ ዕጣን ከማጨስዎ በፊትም አብረዎት የሚኖሩትን ያስፈቅዱ።

ቁልፉን በሚረከቡበት ቀን ግድግዳውን፣ ወለሉንና መስኮቱን ፎቶ ያንሡ፤ የቁልፉን ብዛትና ቀድሞ የነበረውን ጉዳት ጽፈው ከሚያስረክብዎት ሰው ጋር ይፈራረሙ፤ ማስያዣው ሲመለስ ማስረጃዎ ይኸው ነው። ከዚያም ስምዎን በፖስታ ሣጥኑና በደወሉ ላይ ያስጽፉ። እኛ ዘንድ «ከቀፊራ ወረድ ብሎ፣ ከመስጊዱ ጎን» ካልን እንግዳው ይደርሳል፤ እዚያ ግን ስምዎ ሣጥኑ ላይ ከሌለ ፖስተኛው የባንክ ካርድዎን የያዘውን ደብዳቤ ወደ ላኪው ሊመልሰው ይችላል።