ለካርፕ የማይታይ ክር፦ ብሬድ እንዴት ይመረጣል፣ እንዴት ይታሰራል?

እዚህ እንግሊዝ ካርፕ ማጥመድ የጀመሩ ያገሬ ልጆች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ብሬድ ቀለም ነው፤ ብሬድ ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተጎነጎነ የማጥመጃ ክር ነው። አረንጓዴ ልግዛ ወይስ ቡናማ? ቀለም ይደርሳል። ከሁሉ በፊት ክሩ መሬት ላይ ይተኛል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ካርፕ ምግቡን ከነደለሉ ይስብና ያልፈለገውን መልሶ ይተፋል። አፉ ዳርና ዳር በሁለት ጥንድ ጢም እየዳሰሰ ነው የሚበላው። ክሩ ከመሬት ብድግ ብሎ ከቆመ በጢሙ ወይም በክንፉ ይነካዋል። ያኔ ደንግጦ ይሄዳል፤ ቀለሙ ምንም ቢሆን አያድናችሁም።

የማወራው ክሩን ከሚያሰምጠው የእርሳስ ክብደት እስከ መንጠቆው ስላለችው አጭር ክር ነው። ሪሉ (የክር መጠቅለያው) ላይ የሚጠመጠመው ዋናው ክር ናይለን ይሁን። ናይለን ይለጠጣል፤ ዓሣው ሲወራጭ ጉልበቱን ያበርድለታል። ብሬድ ግን አይለጠጥም፣ አፉን ሊቀድበት ይችላል። ስለዚህ ብዙ ሐይቆች ብሬድን በዋና ክርነት ይከለክላሉ። አንዳንዶቹ መንጠቆው ጋ እንኳን አይፈቅዱም። በሩ ላይ የተለጠፈውን ደንብ ሳታነቡ ዕቃ አትዘርጉ። የማጥመጃ ፈቃድም ከ13 ዓመት ጀምሮ ግዴታ ነው።

አሁን ወደ ግዢው። ብዙ ብሬድ የሚሠራው ዳይኒማ ከሚባል ክር ነው። ዳይኒማ በጣም ጠንካራ ነው፣ ግን ከውሃ ይቀላል፤ ብቻውን ሲሆን ይንሳፈፋል። ስለዚህ ጥቅሉ ላይ እንደሚሰምጥ የተጻፈበትን ፈልጉ። ጽሑፉን ብቻም አትመኑ። አንድ ስንዝር ቆርጣችሁ በጣታችሁ አርጥቡና ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጣሉት። ወርዶ ከተኛ ጥሩ ነው። መሀል ላይ ከቀረ ለካርፕ አይሆናችሁም።

ጥንካሬው እዚህ በፓውንድ ነው የሚጻፈው። ሣር ለሌለበት ውሃ 15 ፓውንድ፣ ማለትም 7 ኪሎ ገደማ ይበቃል። እኔ አብዛኛውን ጊዜ 20 እይዛለሁ። የውሃ ሣሩ ጥቅጥቅ ካለ 25። ከዚያ በላይ ክሩ ይወፍራል፣ ልስላሴውም ይጠፋል።

ቀለሙ አሁን ነው የሚመጣው። ለደለል ጠቆር ያለ ቡናማ፣ ለጠጠር ፈዘዝ ያለ ቡናማ፣ ለሣር አረንጓዴ። ከለንደን በስተምዕራብ ያሉት የኮልን ቫሊ ሐይቆች ድሮ ለግንባታ ጠጠር የተቆፈረባቸው ጉድጓዶች ናቸው። ውሃቸው አብዛኛውን ጊዜ ጥርት ያለ ነው። እዚያ ዳር ላይ ክሩን ጣል አድርጋችሁ ከላይ እዩት፤ ለእናንተ ካልታየ ቀለሙ ልክ ነው።

ልሙጥ፣ ማለትም ሽፋን የሌለው ብሬድ እንደ ሐር ለስላሳ ነው፤ ካርፑ ሲስብ መንጠቆው ያለ ችግር ይከተላል። ችግሩ ሲወረወር መጠላለፉ ነው። መፍትሔው መንጠቆውን ውሃ ውስጥ በሚሟሟ ትንሽ የፒቪኤ ከረጢት ሸፍኖ መወርወር ነው። ለጀማሪ ግን ሽፋን ያለውን እመክራለሁ፤ ለምሳሌ የኮርዳን ኤን-ትራፕ። ሽፋኑ ገትሮ ስለሚይዘው ብዙም አይጠላለፍም። መንጠቆው አጠገብ ያለውን 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ሽፋን በጥፍራችሁ ላጡለት። ልስላሴ የሚያስፈልገው እዚያ ጋ ነው።

አሁን እንሰር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ እንግሊዛውያኑ ለን ሚድልተንና ኬቨን ማዶክስ ያመጡትን «የፀጉር» አሠራር ነው የምንጠቀመው። ምግቡ መንጠቆው ላይ አይሰካም፤ ከጎኑ በቀጭን ክር ይንጠለጠላል። 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁረጡ። ጫፉ ላይ ትንሽ ቀለበት አስራችሁ 15 ሚሊ ሜትር ቦይሊ (ተቀቅሎ የጠነከረ ክብ የካርፕ ምግብ) አስገቡበት። ቦይሊው ከመንጠቆው ቆልማማ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል። ሌላውን ጫፍ ከጀርባ በኩል በመንጠቆው ቀዳዳ አሳልፉ። ከዚያ ፀጉሩን፣ ማለትም ቦይሊው ያለበትን ክር፣ ከመንጠቆው ግንድ ጋር ይዛችሁ 7 ወይም 8 ጊዜ ወደ ታች ጠምጥሙ። ጫፉን እንደገና ከጀርባ አስገብታችሁ ሹሉ ባለበት ጎን አውጡት። ይህቺን አትሳቱ። በተቃራኒው ከወጣ መንጠቆው ዞሮ አይይዝም።

ወደ እርሳሱ ያለውን ጫፍ ስዊቭል (ክር የሚያገናኝ ተሽከርካሪ ብረት) ላይ በፓሎማር ቋጠሮ እሰሩት። ክሩን እጥፍ አድርጋችሁ በቀዳዳው አሳልፉ፣ አንዴ ቋጥሩ፣ ስዊቭሉን በቀለበቱ አሾልኩና ሳቡ። ከመሳባችሁ በፊት በምራቅ አርጥቡት፤ ደረቅ ብሬድ ሲጠብቅ ይፋተጋል፣ ይደክማል። ጥንካሬውን ስትሞክሩም በጣታችሁ ጠምጥማችሁ አትጎትቱ፣ እስከ አጥንት ይቆርጣል። መንጠቆውን በፒንሳ ያዙት።

ክሩ መሀል ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ተንግስተን ፓቲ (ክሩን የሚያሰምጥ ከባድ ሊጥ መሰል ነገር) ለጥፉ። ሳትወረውሩ ዳር ላይ ጣሉና እዩት። ቀጥ ብሎ መሬቱን ይዞ መተኛት አለበት። ደለሉ ለስላሳና ጥልቅ ከሆነ ክሩን ትንሽ አስረዝሙት፤ እርሳሱ ሲሰምጥ ቦይሊውን ይዞት እንዳይወርድ።

ዓሣ በያዛችሁ ቁጥር ክሩን በጥፍራችሁ መሀል አሳልፉ። ጠጠርና የውሃ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ብሬድን ይልጠዋል። ፀጉር ፀጉር ካለ፣ ሽፋኑም ከተሰነጠቀ ሌላ እሰሩ። ለብሬድ የተሠራ መቀስ ያዙ፣ ተራው ጫፉን ይተለትለዋል። የቆረጣችሁትን ቁርጥራጭ ሁሉ በኪሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ዳር ላይ ከቀረ የዳክዬና የስዋን እግር ላይ ይጠመጠማል፣ በራሳቸው ሊፈቱት አይችሉም።