የዝንብ ራስ በ50 ፎቶ

ፎከስ ስታኪንግ ማለት ትኩረቱን በጥቂቱ እያራመዱ ብዙ ፎቶ አንስቶ፣ ከየፎቶው ጥርት ያለውን ክፍል ወስዶ አንድ ፎቶ መሥራት ነው። ለመለማመጃው ከዝንብ የተሻለ ሞዴል የለም፤ ሐዋሳ አሞራ ገደል፣ ዓሣ የሚበለትበት አካባቢ፣ እንደልብ ነው። ገና የሞተችውን ፈልጉ። ያደረች ዝንብ ዓይኗ ይሰረጉዳል፤ ያንን ደግሞ ኤዲቲንግ አያድነውም።

ባለ 4 እጥፍ፣ ለ160 ሚሊ ሜትር ቲዩብ የተሠራ የማይክሮስኮፕ ሌንስ በአዳፕተርና በኤክስቴንሽን ቲዩብ ካሜራው ላይ ይገጠማል። ከሌንሱ ትከሻ (ከጥምዝ ማሰሪያው ሥር ካለው ጠርዝ) እስከ ሴንሰሩ 150 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሁን። ሌንሱ ላይ 0.10 (ብርሃን የመቀበል አቅሙ፣ ኤንኤ) ከተጻፈ፣ በአንድ ፎቶ ጥርት የሚለው ውፍረት 0.055 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ፎቶዎቹ እንዲደራረቡ በየፎቶው 0.04 ሚሊ ሜትር ተራመዱ፤ 2 ሚሊ ሜትር ለመሸፈን 50 ፎቶ ያስፈልጋል።

ለዚህ እርምጃ ውድ ሬይል (ካሜራውን በጥቂቱ የሚያንሸራትት ሐዲድ) አያስፈልግም። ካሜራውን ቁልቁል አስራችሁ ዝንቧን መድረኩ ከፍ ዝቅ የሚል አሮጌ ማይክሮስኮፕ ላይ አስቀምጡ። በብዙዎቹ ማይክሮስኮፖች የትንሹ የትኩረት ማስተካከያ ቁልፍ አንድ ዙር 0.2 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ አንድ አምስተኛ ዙር አንድ እርምጃ ነው። ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ አዙሩ፤ ከመለሳችሁት የቁልፉ ጥርስ ክፍተት ስላለው እርምጃው ይዛባል።

ዋናው ጠላት ንዝረት ነው። በደጅ ባጃጅ ሲያልፍ እንኳ ፎቶው ይደበዝዛል። ክፍሉን አጨልሙ፣ የፍላሹን ኃይል 1/32 ላይ አድርጉ፣ ከእያንዳንዱ እርምጃ በኋላ 3 ሰከንድ ጠብቁ። ቂጡ የተቆረጠ ነጭ የፕላስቲክ ኩባያ ዝንቧ ዙሪያ ካልደፋችሁ ዓይኗ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ይቀራል። ሁሉም ማኑዋል፣ አይኤስኦ 100።

ፎቶዎቹን የሚያዋህደው ዘሪን ስታከር የተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ሁለት ስልት አለው፤ ፒማክስ ፀጉሩን ይጠብቃል፣ ግን ኖይዝ (የነጠብጣብ ሸካራነት) ያበዛል፤ ዲማፕ ቀለሙን ያሳምራል፣ ፀጉሩን ግን በጭጋግ ይከባል። ሁለቱንም አውጡና ፀጉሩን ብቻ ከፒማክሱ ወደ ዲማፑ በብሩሽ አሻግሩ።