ኢንጂነሪንግ የሚያመልጠው ፍሬሽማን ላይ ነው

ባሕር ዳር ውስጥ ፍሬሽማኖችን ፊዚክስና ማትስ አስጠናለሁ። አብዛኞቹ የሚመጡት ሚድ፣ የመንፈቁ አጋማሽ ፈተና፣ ከተበላሸ በኋላ ነው። ገና ሳይቀመጡ "ቲቸር፣ እኔ ኢንጂነሪንግ ነው የምፈልገው" ይሉኛል። ሁሉም እሱን ነው የሚፈልገው።

ለማያውቅ ልንገር። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ አስራ ሁለተኛን ያለፈ ተማሪ ቀጥታ ዲፓርትመንት አይገባም። መጀመሪያ ፍሬሽማን፣ ማለትም የመጀመሪያውን ዓመት የጋራ ትምህርት፣ ይማራል። ኢንጂነሪንግ ከዚያ ዓመት ጋር አምስት ዓመት ነው። በሬሜዲያል፣ ማለትም የማለፊያ ነጥብ ላላመጡ በሚሰጠው ማካካሻ ትምህርት፣ የመጣ ደግሞ ከፍሬሽማን በፊት ሌላ ወራት አሳልፏል። ተማሪው ፍሬሽማንን "አስራ ሦስተኛ ክፍል" እያለ ይቀልድበታል። ቀልዱ ክፋት የለውም። ጣጣው የሚመጣው ቀልዱን አምኖ እንደ አስራ ሦስተኛ ክፍል ሲያጠና ነው።

ከታች ያሉትን የፍሬሽማን ስህተቶች ደጋግሜ አይቻቸዋለሁ። አንዳንዶቹ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃሉ። አንዱ ግን በጣም ስለሚያናድደኝ ከእሱ እጀምራለሁ።

የድሮ ፈተና መቸከል

ፍሬሹ ግቢ በገባ ሳምንት የሲኒየር ፈተና በቴሌግራም ይደርሰዋል። ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዶ ያሳትማል። ከዚያ መልሱን ከጥያቄው ጋር ይቸክላል። ፈተናውን ማግኘቱ ጥሩ ነው፤ እኔም እሰጣለሁ። ግን ፊዚክስ ይቸከላል ብሎ ያሰበ ሰው ሚድ ላይ ጉዱ ይፈላል።

አንድ ጎበዝ ልጅ ነበር። አስራ ሁለተኛ ላይ ሰቃይ የሚባል ዓይነት። ተዳፋት ላይ የተቀመጠ ሳጥን ያለበትን ጥያቄ ሁሉ ጨርሷል። እኔ ሳጥኑን ከተዳፋቱ አውርጄ ሜዳ ላይ አስቀመጥኩለት። ሳጥኑ 10 ኪሎ ግራም ነው። በገመድ በ40 ኒውተን ይጎተታል። ገመዱ ከመሬት 30 ዲግሪ ወደ ላይ አዘንብሏል። ወለሉ ሳጥኑን ወደ ላይ የሚገፋው (ኖርማል ፎርስ የሚባለው) በስንት ኒውተን ነው?

ልጁ አላሰበም፣ እስክሪብቶው ብቻ ሄደ። የሳጥኑ ክብደት 98 ኒውተን (10 ሲባዛ በ9.8)፣ ሲባዛ በኮሳይን 30። 85 ኒውተን ብሎ አሰመረበት።

"ኮሳይኑ ከየት መጣ?" አልኩት።

"ኖርማል ፎርስ ኤምጂ ኮሳይን ቴታ አይደል እንዴ?"

እስቲ ሣለው አልኩት። እየተነጫነጨ ሳጥን ሣለ። ክብደቱን ወደ ታች ቀስት አደረገለት፣ 98። ገመዱን ሣለ። ገመዱ ሳጥኑን ወደ ፊት ብቻ አይደለም የሚጎትተው፣ ትንሽ ወደ ላይም ያነሳዋል፤ 40 ሲባዛ በሳይን 30፣ 20 ኒውተን። ለወለሉ ምን ቀረለት? 78።

ትንሽ ዝም አለና "ቲቸር፣ 85 እና 78 ይቀራረባሉ እኮ" አለኝ።

እኔን ያቃጠለኝ ይቺ ናት። እሺ፣ ገመዱን ቀጥ አድርገን ወደ ላይ እንሳበው አልኩት፤ 90 ዲግሪ። ኃይሉ ያው 40 ነው። በአንተ ቀመር ኮሳይን 90 ዜሮ ስለሆነ ወለሉ ምንም አይገፋም። ማለትም 98 ኒውተን የሚመዝን ሳጥን በ40 ኒውተን ከመሬት ተነሳ። ይሄ ፊዚክስ ሳይሆን ተአምር ነው። ትክክለኛው 58 ነው። እንግዲህ ይቀራረባሉ?

ያ ቀመር ውሸት አይደለም። ተዳፋት ላይ ላለ ሳጥን፣ ሌላ የሚገፋው የሚጎትተው ነገር ከሌለ፣ ልክ ነው። ልጁ የያዘው ግን ቀመሩን ብቻ ነው፤ ቀመሩ የተወለደበትን ስዕል አልያዘም። አስተማሪ ደግሞ ሞኝ አይደለም። የድሮው ፈተና በየዶርሙ እንደሚዞር ያውቃል። ስለዚህ ሳጥኑን ያወርደዋል፣ ገመዱን ያዞረዋል፣ ሁለተኛ ሳጥን ይጨምርበታል። የቸከለው ልጅ "ያልተማርነው መጣብን" እያለ ይወጣል። ተምራችኋል! ያልተማራችሁት ጥያቄ ሳይሆን መሣል ነው።

የድሮ ፈተና ሲደርሳችሁ መልሱን ሸፍኑት። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ቀስቶቹን ሣሉ፣ ከዚያ ብቻ እኩልታ ጻፉ። ሠርታችሁ ስትጨርሱ ጥያቄውን ራሳችሁ አበላሹት። ወለሉን አዘንብሉ፣ ፍሪክሽን ጨምሩ፣ ገመዱን 0 እና 90 ዲግሪ ላይ አድርጉና መልሱ የሚያስኬድ መሆኑን እዩ። አምስት ጥያቄ እንዲህ የሠራ ሰው ሃምሳ ከቸከለው ይበልጣል። ይህን ስንት ጊዜ እንደተናገርኩ እኔም አላውቀውም፤ ዘንድሮም እናገራለሁ።

መልሱን ሳያዩት ማስረከብ

ይህኛው የመጀመሪያው ታናሽ ወንድም ነው። ለአንዲት የጢስ ዓባይ ልጅ አንድ ቀላል ጥያቄ ሰጠኋት። በየሰከንዱ አንድ ሜትር ኪዩብ ውሃ ከ40 ሜትር ከፍታ ቢወርድ፣ ብክነት የለም ብለን፣ ስንት ዋት እናገኛለን? ፏፏቴው ደጃቸው ነው፣ ደስ ይላታል ብዬ ነው።

392 ዋት ብላ ሰጠችኝ።

"እቤታችሁ የኤሌክትሪክ ምጣድ አለ?" አልኳት። አለ አለች። ምጣድ ከ3 ሺህ ዋት በላይ ይበላል። "ያን ሁሉ ውሃ ለቀሽ አንድ እንጀራ እንኳ አልጋገርሽም" ስላት ሳቀች፣ ወረቀቱንም መልሳ ወሰደች። የአንድ ሜትር ኪዩብ ውሃ ክብደት 1 ኪሎ ብላ ይዛ ነበር፤ 1000 ነው። 1000 ሲባዛ በ9.8 ሲባዛ በ40፣ መልሱ 392 ሺህ ዋት ሆነ።

እዚያው ሳለን ሂሳቡን ወደ እውነተኛው የኃይል ማመንጫ ጣቢያ ወሰድነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ የጀመረው የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ጣቢያ አቅሙ 11.4 ሜጋ ዋት ነው። ከፍታውን ያው 40 ሜትር ብንይዝ፣ ብክነቱንም ብንተወው፣ በየሰከንዱ 29 ሜትር ኪዩብ ገደማ ውሃ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2001 የመጣው ሁለተኛው 73 ሜጋ ዋት ነው። ለእሱ የሚያስፈልገውን ውሃ ራሷ አሰላችው። ከዚያ ወዲህ ፏፏቴው በአንዳንድ ወራት ለምን እንደሚሳሳ እኔን አልጠየቀችኝም።

መልስ ጽፋችሁ ከማስረከባችሁ በፊት አንድ ጊዜ ቀና ብላችሁ እዩት። ባጃጅ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር እየበረረ ከሆነ የሆነ ቦታ ላይ ስታችኋል።

ላብ ላይ "ትክክለኛውን" ቁጥር መጻፍ

የአንድ ቡድን ሪፖርት ደርሶኝ ያውቃል። ውሃው የፈላበት ሙቀት ተብሎ በሁሉም ወረቀት ላይ 100 ዲግሪ ተጽፏል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ እዚህ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ልጆቹን ስጠይቃቸው ቴርሞሜትሩ 94 ብሏቸው ነበር። "ተበላሽቷል ብለን አስተካከልነው" አሉኝ። ቴርሞሜትሩ ደህና ነበር። ያያችሁትን ጻፉ፤ ያልጠበቃችሁት ቁጥር ሲመጣ ለምን ብላችሁ ጠይቁ። ሪፖርቱ ላይ ነጥብ የሚያሰጠውም ያ "ለምን" ነው።

ካልኩለስ ከበደኝ ማለት

በሁለተኛው መንፈቅ አፕላይድ ማትስ ይመጣል። ሊሚት፣ ዴሪቬቲቭ፣ ኢንተግራል። ተማሪው ካልኩለስ ከበደኝ ይላል። ወረቀቱን ሳየው ግን ካልኩለሱ ልክ ነው፤ የተበላሸው ክፍልፋዩ ነው። አንድ ሲካፈል ለ"ኤክስ ሲደመር 2" የሚለውን "አንድ ለኤክስ ሲደመር አንድ ለሁለት" ብሎ ይበትነዋል። ኤክስን 2 አድርጋችሁ ተኩት፤ የመጀመሪያው ሩብ ነው፣ የተበተነው አንድ ሙሉ። በቃ፣ ስህተቱ ራሱ ወጣ። ትሪጎኖሜትሪና አልጀብራን ለመከለስ አንድ ሁለት ሳምንት መስጠት ያሳፍራቸዋል። "እሱማ የዘጠነኛ ክፍል ነው" ይሉኛል። እኮ፣ የዘጠነኛ ክፍሉ ነው የጣላችሁ።

አጫጭሮቹ

አሳይንመንት ገልብጣችሁ ስታስረክቡ የጓደኛችሁን ስህተት ጭምር እንደምትገለብጡ እወቁ፤ እኛም የምንይዛችሁ በእሱ ነው።

ፕሮግራሚንግን ከሀንድአውት ላይ አንብቦ የቻለ ሰው የለም። ላፕቶፕ ከሌላችሁ ሲ ፕላስ ፕላስ የሚያስኬድ አፕ ስልካችሁ ላይ ጫኑና ኮዱን በእጃችሁ ጻፉት፣ ኤረር ይስጣችሁ።

ጣና ዳር ሀንድአውት ይዞ ሄዶ ያጠና ሰው እስካሁን አላየሁም። ሻይ ለመጠጣት ከሆነ ሂዱ፣ ደስ ይላል፤ ግን ጥናት ብላችሁ አትቁጠሩት።

ካልኩሌተራችሁ ዲግሪ ላይ መሆኑን ፈተና ከመጀመሩ በፊት እዩ። ሳይን 30 ብላችሁ 0.5 ካልመጣ ዲግሪ ላይ አይደለም።

ኮመን ኮርስ መናቅ

ቀለሜዎቹ የሚወድቁበት ጉድጓድ ይሄ ነው። ፊዚክስና ማትስ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ያድራሉ። ጂኦግራፊ፣ ሳይኮሎጂ፣ ሎጂክ ሲባል "እሱን ፈተና ዋዜማ አየዋለሁ" ይላሉ። ጄኔራል ፊዚክስ 3 ክሬዲት ነው፤ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊም 3 ክሬዲት ነው። ግሬድ ሪፖርቱ የትኛው ኮርስ እንዳስጨነቃችሁ አያውቅም።

እናስላው። ኤ 4፣ ቢ 3፣ ሲ 2 ነው። ባለ 3 ክሬዲት ስድስት ኮርስ ወስዳችኋል። ማትስ፣ ፊዚክስና እንግሊዝኛ ላይ ቢ አመጣችሁ። የተናቁት ሦስቱ ላይ ሲ። ነጥባችሁ 2.5 ነው። እነዚያኑ ሦስቱን ኤ ብታደርጓቸው 3.5 ይሆናል። አንድ ሙሉ ነጥብ ማለት ነው፣ ያውም ፊዚክሱ ሳይነካ! የዲፓርትመንት ድልድል ሲመጣ ብዙ ሰው የሚፈልገው ዲፓርትመንት የሚሞላው በነጥብ ነው። ፊዚክስን ከሲ ወደ ኤ ማውጣትና ሳይኮሎጂን ከሲ ወደ ኤ ማውጣት ድካማቸው እኩል እንዳልሆነ ለናንተ አልነግራችሁም።

ዝም ማለት

እዚህ ላይ መቆጣት አልችልም። ከገጠር ወረዳ የመጣ ልጅ አዳራሽ ሙሉ ሰው መሃል እጁን አውጥቶ በእንግሊዝኛ መጠየቅ ይከብደዋል። አውቃለሁ። ይሳቅብኛል ብሎ ይፈራል፣ ሌላው ሁሉ የገባው ይመስለዋል። ሌላውም አልገባውም። ክፍል ውስጥ ባትጠይቁ የአስተማሪውን የቢሮ ሰዓት ጠይቁና ሂዱ። አብዛኛው አስተማሪ በዚያ ሰዓት ማንም ስለማይመጣበት ብቻውን ነው የሚቀመጠው። ስትሄዱ ግን "ምዕራፍ ሦስት አልገባኝም" አትበሉ። የሞከራችሁትን ወረቀት ይዛችሁ "እስከዚህ መስመር ደርሼ ቆምኩ" በሉ። አማርኛ ብትናገሩም ማንም አይቆጣችሁም። ቱቶሪያል ካለም ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሩ። እኔ ጋር ፋይናል ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው የሚመጣ ተማሪን አልመልስም፣ ግን ምን እንደማደርግለትም አላውቅም።

ዲፓርትመንትን በስም መምረጥ

አዲሱ የባሕር ዳር የዓባይ ድልድይ ግንቦት 2016 ዓ.ም. ተመረቀ። 380 ሜትር ርዝመት አለው፣ ማታ መብራቱ ሲበራ ያምራል። ከዚያ ወዲህ የሚመጡ ልጆች "ሲቪል" ሲሉ አንዳንዶቹ ድልድዩን እያሰቡ እንደሆነ ከፊታቸው አየዋለሁ። ድልድይ ማድነቅ ሌላ ነው፣ አንድ ምሰሶ ላይ የሚያርፈውን ጭነት ወረቀት ሙሉ ማስላት ሌላ ነው። ሌላው ደግሞ "ሶፍትዌር ብር አለው" ይላል፤ ፕሮግራሚንግ ላይ ግን አንድ ኮድ እንኳ አስኪዶ አያውቅም። እዚሁ ጣና አፍንጫው ስር ተኝቶ፣ እምቦጩ፣ ደለሉ፣ መስኖው ሁሉ ሰው እየጠበቀ፣ የውሃ ምህንድስናን "ሳይደርሰኝ ሲቀር የምገባበት" የሚል ልጅም አለ። እሱስ ይገርመኛል።

ቤተሰብም ይገባበታል። አባት "ዶክተር ካልሆንክ ኢንጂነር ሁን" ይላሉ፣ አጎት ደግሞ የኤሌክትሪካልን ደመወዝ ያወራሉ። አክብራችሁ ስሟቸው። ፎርሙን የምትሞሉት ግን እናንተ ናችሁ።

የምመክረው ቀላል ነው። ምርጫ ከመሙላታችሁ በፊት የምታስቡት ዲፓርትመንት ውስጥ ያለ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ፈልጉ። ሥራ ይገኛል ወይ ብላችሁ አትጠይቁት፣ እሱም አያውቀውም። በዚህ ሳምንት የተሰጠውን አሳይንመንት አሳየኝ በሉት። ከጎኑ ቁጭ ብላችሁ አንድ ጥያቄ ሲሠራ እዩ። ሁሉም ባይገባችሁ ችግር የለም። "ቀጥሎስ?" ማለት ካማራችሁ ሙሉት።