ቁልቁለት ከመጀመራችሁ በፊት የኮርቻውን ጠፍር ደግማችሁ ፈትሹ

በፈረስ ከደሴ በሀረጎ ወደ ኮምቦልቻ የምትወርዱ፣ «ቤት አጥብቄዋለሁ» ብላችሁ አትተማመኑ። ብዙ ፈረስ ሲጫን ሆዱን ይነፋል፤ 5 ወይም 10 ደቂቃ ከተራመደ በኋላ ጠፍሩ፣ ማለትም በሆዱ ስር አልፎ ኮርቻውን የሚይዘው ማሰሪያ፣ ላልቶ ታገኙታላችሁ። እንዲህ ሆኖ ቁልቁለት ከገባ ኮርቻው ወደ ትከሻው እየተንሸራተተ ይፈገፍገዋል፤ ፈረስ ገጣባ የሚሆነው እንዲህ ነው።

ስለዚህ ከዳገቱ አናት ላይ ውረዱ። ከፊት እግሩ ኋላ፣ በጠፍሩና በሆዱ መካከል ሁለት ጣት አስገቡ። ጠበብ ብሎ ከገባ ልክ ነው፤ መላው እጃችሁ ከገባ በአንድ ቀዳዳ አጥብቁት። ከዚያ የፊት እግሮቹን ተራ በተራ ከጉልበቱ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ወደፊት ሳቡ። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ግን ከጠፍሩ ስር የታጠፈው ቆዳ የሚዘረጋው በዚህ ነው፣ ካልተዘረጋ ይላጣል።

ቁልቁለቱ በጣም በሚበረታበት ቦታ ወርዳችሁ በእግር ምሩት። የእሱ ጀርባ ያርፋል፣ የእናንተም ጉልበት ይፍታታል።

ሽቅብ ስትመለሱ ደግሞ ትንፋሹን ከጎኑ እንቅስቃሴ ለ15 ሰከንድ ቁጠሩና በ4 አባዙ። ያረፈ ፈረስ በደቂቃ ከ8 እስከ 16 ጊዜ ይተነፍሳል። ቆማችሁ ትንፋሹ እየቀነሰ ካልመጣ ጥላ ፈልጉ፣ ኮርቻውን አውርዱ።