የኳድ ሞተር የፊት ጎማ አላይመንት በሜትርና በቱንቢ

ቀጥ ባለ መንገድ ላይ መሪው የሚቅበዘበዝ፣ ኩርባ ላይ ደግሞ አልታዘዝ የሚል ባለ አራት ጎማ ሞተር ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው የጥቂት ሚሊ ሜትር አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከያ) ነው። የፊት ጎማዎቹ ከፊት በኩል ከተቀራረቡ ቶ ኢን፣ ከተራራቁ ቶ አውት ይባላል። ቶ ኢን ሲበዛ መሪው ይከብዳል፣ የጎማው የውጭ ጠርዝ ቶሎ ያልቃል። ቶ አውት ሲበዛ በፍጥነት ላይ ግራ ቀኝ ይላል፣ የውስጡ ጠርዝ ይበላል። ልኩን ከራሱ ከሞዴሉ ማኑዋል ይውሰዱ፤ አንዳንድ የፖላሪስ ስፖርትስማን ሞዴሎች ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ቶ አውት ሲጠይቁ፣ ጥቂት ቶ ኢን የሚፈልጉም ብዙ ናቸው።

መጀመሪያ የጎማውን አየር ያስተካክሉ። የኳድ ጎማ አየር በጣም ዝቅተኛ ስለሆነ (አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 7 ፒኤስአይ) የመኪና መለኪያ አያስተማምንም። ከዚያ ፊቱን በክሪክ አንስተው ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ይወዝውዙ፤ ከተንቀሳቀሰ ኩሽኔታው ወይም ቦል ጆይንቱ (ጎማው እንዲታጠፍ የሚያደርገው ኳስ መሰል መጋጠሚያ) አልቋል። ግራና ቀኙን ይዘው ሲወዘውዙ ከላላ ታይሮዱን (መሪውን ከጎማው ጋር የሚያገናኘውን ዘንግ) ይመልከቱ። ያለቀ ዕቃ ሳይቀየር የሚደረግ አላይመንት ድካም ብቻ ነው።

ሞተሩን ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ አውርደው ጥቂት ሜትር ወደፊት ይግፉት፤ ከክሪክ የወረደ ጎማ ወዲያው ቦታውን አይዝም። መሪውን አቅንተው በሁለቱም በኩል በገመድ ይሰሩ። ወንበሩ ላይ የነጂውን ያህል ክብደት ይጫኑ፤ ሞተሩ ዝቅ ሲል የጎማዎቹ አቅጣጫም ይቀየራልና።

በሁለቱ ጎማዎች ፊት፣ በአክሱ ከፍታ፣ በጎማው ጥርስ መሃል ላይ በጠመኔ ምልክት ያድርጉ። ከምልክቱ ቱንቢ ጥለው ያረፈበትን ወለሉ ላይ ምልክት ያድርጉና በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ይለኩ። ከዚያ ምልክቶቹ ከኋላ በዚያው ከፍታ እስኪመጡ ሞተሩን ወደፊት ገፍተው እንደገና ይለኩ። ቱንቢው የሚያስፈልገው ከኋላ በኩል ሻንሲው ሜትሩን ስለሚያግደው ነው። በሁለቱም ልኬት ያው ምልክት መሆን አለበት፤ ያለበለዚያ የተጣመመ ቸርኬ ልኩን ያበላሽብዎታል። የኋላው ርቀት ከፊተኛው 5 ሚሊ ሜትር ከበለጠ 5 ሚሊ ሜትር ቶ ኢን አለ ማለት ነው።

ለማስተካከል የታይሮዱን ሁለት መቆለፊያ ዳዶዎች ያላሉ። አንደኛው የግራ ጥርስ ስለሆነ በተቃራኒው ይፈታል፤ በጉልበት የሚታገሉት ጥርሱን ይበሉታል። ታይሮዱ ከአክሱ ኋላ ከሆነ ሲረዝም ቶ ኢን ይጨምራል፣ ከአክሱ ፊት ከሆነ ይቀንሳል። ግራና ቀኙን እኩል ያዙሩ፣ አለዚያ መሪው ይጣመማል። በጥቂቱ ያዙሩ፦ የታይሮዱ ጥርስ ፒች (ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት) 1.25 ሚሊ ሜትር፣ ታይሮዱ የሚገጠምበት የመሪው ክንድ 10 ሳንቲ ሜትር፣ የጎማው ዲያሜትር 53 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ በየጎኑ አንድ ስምንተኛ ዙር ብቻ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ይቀይራል። ከእያንዳንዱ ማዞር በኋላ ሞተሩን ገፍተው እንደገና ይለኩ።

ዳዶውን ሲያጠብቁ የታይሮዱ ጫፍ አብሮ እንዳይዞር በቁልፍ ይያዙት። ተጠምዝዞ የተቆለፈ ጫፍ መሪው እስከ መጨረሻ ሲታጠፍ ይነክሳል፣ ውሎ አድሮም ይሰበራል። በታይሮዱ ሁለት ጫፎች የሚታየው ጥርስ እኩል ካልሆነ አንደኛው ሊወጣ ተቃርቦ ሊሆን ይችላል።

ካምበሩ (የጎማው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የማዘንበል ልክ) የሚስተካከል ሞተር ከሆነ ከቶ በፊት ካምበሩን ይጨርሱ፤ ካምበር ሲነካ ቶውም ይዛነፋል። የማይስተካከል ሆኖ አንዱ ጎማ ብቻ ካዘነበለ ኤ አርሙ (ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘው ክንድ) ታጥፎ ሊሆን ይችላል፤ ያንን ታይሮድ በማዞር መሸፈን አይቻልም።